ቀበሌያችንን ማን መረጠው?

(ይህ ጽሑፍ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለወጣቶችና ለሰፈር ሰዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ነካክቼዋለሁ። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ የተያየንበትን አሥር ደቂቃ ዘልዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ፍቅር ሐይቅን ትታችሁ፣ የአሞራ ገደልን ዓሣ ትታችሁ እዚህ ስለተቀመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ብሆን አልመጣም ነበር።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «ወቅታዊ የፖለቲካ ጉዳዮች በፐብሊክ ፖሊሲ ተማሪ ዓይን» ይላል። ለእናቴ በስልክ ሳነብላት ትንሽ ዝም አለችና «አደራህን ልጄ፣ ምላስህን ሰብሰብ አድርግ» አለችኝ። እሞክራለሁ።

ወቅታዊ ጉዳይ ሲባል ምን እንደምትጠብቁ አውቃለሁ። ፓርላማ፣ ቀይ ባሕር፣ ዶላር። ማኪያቶ ይዘን የምንጨቃጨቅባቸው ናቸው። እኔም እጨቃጨቃለሁ። ዛሬ ግን ይዤ የመጣሁት ጉዳይ ከዚህ አዳራሽ በእግር አምስት ደቂቃ የሚያስኬድ ነው። ስለ ቀበሌ ነው የማወራው።

ሳቃችሁ ተሰምቶኛል። እሺ፣ እጅ እናውጣ። የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም የሚያውቅ? ሁላችሁም። የከንቲባውን? ብዙ ሰው። የቀበሌያችሁን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስም የሚያውቅ? አንድ፣ ሁለት። አንተ ከየት አወቅህ ወንድሜ? «አጎቴ ናቸው።» በጣም ጥሩ። አንድ ቀረ።

ባለፈው ዓመት መታወቂያዬን ላሳድስ አንድ ቀበሌ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፤ ነገም የምሄደው እዚያው ነው። መጀመሪያ ቀን «ሲስተም የለም» ተባልኩ። ሁለተኛ ቀን ሲስተሙ መጣ፣ ኃላፊው ስብሰባ ገቡ። ሦስተኛ ቀን ሲስተሙም ኃላፊውም ነበሩ፤ ማኅተም የያዘችው ልጅ ለቅሶ ሄዳለች። አልፈርድባትም፣ ለቅሶ ለቅሶ ነው። አራተኛ ቀን በር ላይ አንድ ጎልማሳ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ጉዳይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ጉዳይ ገዳይ ነው። የጠየቀኝን ብር አልሰጠሁትም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ኪሴ ውስጥ አልነበረም። በአምስተኛው ቀን አለቀልኝ።

እዚያ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር የሚለውን ሰሌዳ ሳነብ ዋልኩ። እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ደቂቃ እንደሚያልቅ ተጽፏል። መታወቂያ ማሳደስ፣ 20 ደቂቃ። ከሥሩ የሐሳብ መስጫ ሳጥን አለ፣ ቁልፉ ዝጓል። ያኔ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። ይሄ ሰሌዳ ሲዋሽ ማንን ነው የምጠይቀው? ሥራ አስኪያጁ ተቀጣሪ ናቸው፤ ከላይ ተመድበው ነው የመጡት። ሊቀመንበሩ ደግሞ ለምክር ቤቱ ነው ተጠሪ። ምክር ቤቱንስ የመረጠው ማን ነው? እኔ መሆን ነበረብኝ። እኔ ግን መርጬ አላውቅም።

ዕድሜዬ 27 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው። ያኔ 14 ዓመቴ ነበር። የተመረጡት ሰዎች ዘመን አምስት ዓመት ስለሆነ 2010 ላይ ማለቅ ነበረበት። በ2010 አገሩ በሙሉ ሲናወጥ ነበርና ምርጫው ተራዘመ። ገባኝ። ከዚያ ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ይሆናል ተባለ። ጠቅላላ ምርጫውን ደግሞ ኮቪድ ከ2012 ወደ 2013 ገፋው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ብዙዎቻችን ተሰልፈን መረጥን። አዲስ አበባና ድሬዳዋ የከተማ ምክር ቤታቸውን ጭምር መረጡ። የቀበሌና የወረዳው ጉዳይ ግን ባለበት ቀረ። ስለሱ የጮኸ ፓርቲ ትዝ ይላችኋል? እኔ አይለኝም። ገዢውም ተቃዋሚውም ዓይናቸው አራት ኪሎ ላይ ነው።

የሚገርመው ሕጉ አለ። የምርጫ አዋጁ፣ ቁጥር 1162/2011፣ «የአካባቢ ምርጫ» የሚል የራሱ ዓይነት ምርጫ ያውቃል። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 50 ላይ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ክፍል ውስጥ ይህን አንቀጽ ስናነብ አንድ የክፍል ጓደኛዬ «በቂ ማለት ለማን?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ፈገግ አሉና ወደሚቀጥለው ስላይድ አለፉ።

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ታላላቆቻችን ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፣ ይታገሱኝ። ቀበሌ የተወለደው በ1967 ነው። በሐምሌ ወር የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ነዋሪውን ደግሞ በማኅበር አደራጀ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑትን ቤቶች ቀበሌ ያዘ። ቀበሌ አከራይም ሆነ፣ በፍርድ ሸንጎው ዳኛም ሆነ፣ ስኳርና ጨው አከፋፋይም ሆነ። ብዙ ሳይቆይ ጠብመንጃ ያዘና አሳሪም ሆነ። ያንን ዘመን ለማያውቅ ሰው በቃል መንገር ይከብዳል። አያቴ እስክትሞት ድረስ «ቀበሌ» ስትል ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። ቤት ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ሆነን እንኳ።

መንግሥት ተለወጠ። ሕገ መንግሥት ተለወጠ። ቀበሌ ግን ስሙም ማኅተሙም አለ፤ ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድበት ቧንቧም አለ። ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ቢኖር ሪፖርት ነው። ሪፖርት ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ሁሌም ከዕቅድ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ራሴን ልቃወም። «ምርጫ ይኑር» ብዬ ብቻ ብቀመጥ ሸወድኳችሁ ማለት ነው። ምርጫ ነበርና። በሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት እስከ 300 አባል እንዲኖረው ተደርጎ ነበር። በአገር ደረጃ መቀመጫው 3.6 ሚሊዮን ደረሰ። ገዢው ግንባር ከሦስቱ በስተቀር ሁሉንም ወሰደ። ሦስት ሺህ አላልኩም። ሦስት። በ2005ቱ ደግሞ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ሜዳው አልተስተካከለም ብለው ወጡ። 300 ሰው ያለበት ምክር ቤት የሠርግ ድንኳን ካልተከራየ የት ይሰበሰባል? ቁጥሩ ለመወያየት አልነበረም፤ በየቤቱ አንድ አባል ለማግኘት ነበር። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ በኋላ ማይኩን እሰጠዋለሁ።

ስለዚህ እኔ የምለው ምርጫ ሌላ መልክ ቢኖረው እወዳለሁ። ምክር ቤቱ ትንሽ ይሁን፤ በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚደማመጥ። ተወዳዳሪው የፓርቲ መታወቂያ ሳይሆን የሰፈር ስም ይዞ ይቅረብ። ከሁሉም በላይ ግን የሚወስንበት ነገር ይኑረው።

ገንዘብ ማለቴ ነው። የ2018 የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። ቁጥሩ ሲነበብ ጆሮ ይዞራል። ከዚያ ለክልሎች ድጎማ ይወርዳል፣ ክልል ለወረዳና ለከተማ ያካፍላል። እኛ አካባቢ በደቡብ ክልል ዘመን ወረዳዎች ከ1995 ጀምሮ በጀታቸውን በጥቅሉ መቀበል ጀምረዋል፤ በወረቀት ላይ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ወረዳው ከሚደርሰው ብር ብዙውን ደመወዝ ይበላዋል። የቀረው እያነሰ እያነሰ ቀበሌ ሲደርስ ወሬው ስለ ወረቀትና ስለ ቶነር ይሆናል። ስለዚህ ቀበሌ ወደ እኛ ይዞራል። የኮብልስቶን መዋጮ፣ የጥበቃ መዋጮ፣ የመንገድ መብራት መዋጮ። መዋጮ በሕግ ግብር አይደለም፣ በፈቃድ ነው። ግን መሸኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ «ደረሰኙን አሳየኝ» የተባለ የለም? እነሆ፣ አሁን ብዙ እጅ ወጣ።

እኔ መዋጮ አልጠላም። ኮብልስቶኑ ሰፈራችንን ከጭቃ አውጥቶታል። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ያልመረጥነው ምክር ቤት ያልመከርንበትን መዋጮ ይወስናል፣ ስንት እንደተሰበሰበ ደግሞ ግድግዳው ላይ አይለጠፍም። ቻርተሩ ተለጥፏል፣ ሒሳቡ ግን የለም።

አሁን እድራችሁን አስቡ። እድር ሊቀመንበሩን ይመርጣል። ገንዘብ ያዡን ይመርጣል። ሒሳብ በጠቅላላ ጉባኤ ይነበባል፣ 50 ብር ከጎደለ ስብሰባው አይበተንም። ይህን የሚያደርጉት ፖሊሲ የተማሩ ሰዎች አይደሉም፤ እናቶቻችንና አባቶቻችን ናቸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን፣ ግን የእድር ዳኛ ሲከሰስ አይተናል።

ሌላ ያልተደረገ ነገር አለ። ቆጠራ። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል፣ አንቀጽ 103። የመጨረሻው በ1999 ነበር። ያኔ አገሪቱ ወደ 74 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነበራት። ሐዋሳ ከገጠር ቀበሌዎቿ ጋር 258,808። የሚቀጥለው በ2009 መሆን ነበረበት፤ ተራዘመ። በ2011 ድንኳኑ ሊተከል ሲል እንደገና ተራዘመ። እስከ ዛሬ የለም።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚያሳስበኝ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ላስረዳ። ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ነው። ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ልጆች መጡ፣ አብዛኞቹ ሴቶች። በ2008 የ18 ዓመት ልጅ የነበረች ሠራተኛ በ1999ኙ ቆጠራ የ9 ዓመት ሕፃን ነበረች፣ የተቆጠረችውም በወላጆቿ መንደር ነው። በመንግሥት ወረቀት ላይ እስከ ዛሬ እዚያው ጓሮ ጥጃ እየጠበቀች ነው። እሷ ግን ሐዋሳ ውስጥ ከአራት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ውኃ ትሰለፋለች። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ ስታስወጣ፣ የአሜሪካው ትልቅ የልብስ ኩባንያ ፒቪኤችም ፓርኩን ጥሎ ሲወጣ፣ ስንቷ ወደ ቤቷ ተመለሰች፣ ስንቷ እዚሁ ቀረች? ይህን ሊያውቅ የሚችለው በር ለበር የሚያውቃት ቀበሌ ነው። ቀበሌው ግን አያውቃትም፤ መሸኛ አላመጣችማ።

እና ሕጎቻችን? ጥሩ ጥሩ ሕግ እናወጣለን። በ2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ወጣ፣ ቁጥር 1320። የኪራይ ውል ቢያንስ ሁለት ዓመት ይሁን፣ ይመዝገብ ይላል። ያቺ ልጅ አንብባው ቢሆን ትስቅ ነበር። የእሷ ውል በየወሩ መጨረሻ የአከራይዋ ፊት ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ብር በገበያ እንዲተመን ተወሰነ፤ 57 የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ውሳኔው ትክክል ነው አይደለም የሚለውን ለኢኮኖሚስቶች እተወዋለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ የዘይት ዋጋ ሲንር ሰው የሮጠው ወዴት ነበር የሚለው ነው። ወደ ሸማቾች ማኅበር። ሸማቾች ሱቅ ዘይት መቼ እንደሚገባ፣ ለማን ቀድሞ እንደሚሰጥ ማነው የሚያውቀው? ይህ ነው እንግዲህ የእኔ «ወቅታዊ ፖለቲካ»።

ወደ ሐዋሳችን ልመለስ። ኅዳር 10 ቀን 2012 ገና ጎህ ሳይቀድ የነበረውን ሰልፍ የማያስታውስ የለም። ሻፌታና ጎጆ። ሻፌታ ክልል እንሁን፣ ጎጆ በነበርንበት እንቆይ። 98.51 በመቶው ሻፌታን መረጠ። በሰኔም ሲዳማ አሥረኛው ክልል ሆነ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የደቡብ ክልል ዋና ከተማም እኮ ሐዋሳ ነበረች። ቢሮዎቹ እዚሁ ነበሩ፣ በባጃጅ ይደረስባቸው ነበር። ስለዚህ ሰው የተሰለፈው መንገዱ ስለራቀው አልነበረም። የሚወስንለት ሰው ስለራቀው ነው።

ይህን ሐሳብ ከያዝነው እዚያ የሚያቆመው ነገር አይታየኝም። ክልሉ የራሳችን ይሁን ያልን ሰዎች ቀበሌያችንስ? ሐዋሳ 8 ክፍለ ከተማና 32 ቀበሌ አላት። ከታቦር እስከ ሀዌላ ቱላ ስንት የራሱ ችግር ያለው ሰፈር አለ። ጎረቤቶቻችንም እንዲሁ አዳዲስ ክልል ሆነዋል። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎቹን ስድስት ከተማ ላይ በትኗል፤ ሶዶ፣ አርባ ምንጭ፣ ዲላ፣ ጂንካ፣ ካራት፣ ሳውላ። ለፍትሐዊነት ነው፤ ለፊርማ የሚንከራተት ሰው ግን ሌላ ሐሳብ ይኖረው ይሆናል።

ዲሞክራሲ ከውጭ የመጣ ነው ለምትሉኝ ደግሞ፣ የሲዳማ አዲስ ዓመት የሚከበርበት ጉዱማሌ እዚሁ አጠገባችን ነው። የሲዳማ አባቶች ሶንጎ፣ ማለትም የሽማግሌዎች ሸንጎ፣ ሲቀመጡ «አፊኒ?» ብለው ይጀምራሉ። ሰማችሁ ወይ? ነው። ሁሉም ሳይሰማና ሳይናገር ነገር አይቋጭም። እኅቶቼ «ያ ሶንጎ ላይ እኛ የት ነበርን?» ብትሉኝ ልክ ናችሁ። ሴቶቹ ያካ የሚባል የራሳቸው ስብስብ ነበራቸው፣ ሶንጎው ግን የወንዶች ነበር። ስለዚህ እንዳለ እንቅዳው አልልም። ጥያቄውን ብቻ እንዋስ። ቀበሌያችን መዋጮ ከመወሰኑ በፊት «አፊኒ?» ብሎን ያውቃል?

አሁን የሚመጣብኝን አውቃለሁ። «አገር ሰላም ሳይሆን ምን ምርጫ?» አማራ ክልልና ኦሮሚያ ውስጥ ስንቱ በጥይት መሃል እያደረ ኮሮጆ ይዞ መዞር ቀልድ ነው። ለዚህ ሙሉ መልስ የለኝም። ግማሽ መልስ አለኝ። በ2014 የተቋቋመው የሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተሳታፊዎቹን ያስመረጠው ከወረዳ ጀምሮ ነው። ሰው ተሰብስቦ ስለ አገር የሚመክርለትን መምረጥ ከቻለ፣ ስለ ቦኖ ውኃ የሚመክርለትንም ይችላል። በሚቻልበት ቦታ ይጀመር። ሐዋሳ ይቻላል።

ደግሞ «ቴክኖሎጂ ይፈታዋል» የሚሉ አሉ። አዲስ አበባ ላይ በ2017 መሶብ የሚባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ፤ ዲጂታል መታወቂያው ፋይዳም አለ። ጥሩ ናቸው፤ ወረፋ ያሳጥራሉ። እኔም ፋይዳ ቁጥሬ ስልኬ ውስጥ አለ። ግን ወረፋ ማጠርና የሚጠየቅ ሰው መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሲስተም ሲጠፋ ሲስተምን ከሥልጣን ማውረድ አይቻልም።

ይኸው ነው። ጥያቄ ካላችሁ።

(መጀመሪያ የተነሱት ኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው የተቀመጡ እናት ነበሩ።)

«ልጄ፣ ደህና ተናገርክ። አንተ ትወዳደራለህ ወይ?»

«የለም እማማ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ስጨርስ የት እንደምሆንም አላውቅም።»

«እንግዲያስ ማን ይወዳደር? ይህን ሁሉ ያወቅኸው አንተ ነህ።»

አዳራሹ ሳቀ። መልስ አጣሁ። ደጋግሜ ውኃ ጠጣሁ።

«እኔ» አሉ፣ «በእድራችን 18 ዓመት ገንዘብ ያዥ ነኝ። አንድ ብር ጎድሎብኝ አያውቅም። ቀበሌ ግን ከመዋጮ በስተቀር ለምንም ጠርቶኝ አያውቅም። የምዝገባው ቀን መቼ ነው?»

ምዝገባ የለም አልኳቸው። ምርጫው ራሱ ቀን የለውም።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ሰበሰብከን?» አሉና ተቀመጡ።

ሰዉ ሲበተን በር ላይ ጠበቁኝ። ስልኬን ተቀብለው ቁጥራቸውን ራሳቸው ጻፉ። «ቀኑ ሲቆረጥ ደውልልኝ፤ እንዳትረሳ» አሉኝ። «እማማ ገንዘብ ያዥ» ብዬ መዝግቤዋለሁ። ባለፈው ሳምንት ገበያ ተገናኘን። «ምነው ጠፋህ?» አሉኝ።